ዘጠኝ ግራም በኩንታል

ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ዛላውን ሳያገላብጥ፣ ሳያሸትና በጣቱ ሳይፈትግ ብሩን ከኪሱ አያወጣም። የተፈጨ ከሆነማ ጥርጣሬው ይብሳል፤ የሸክላ ዱቄት ገብቶበት እንደሆነ ለማወቅ ውሃ ላይ የሚበትን አለ፣ ምላሱ ላይ የሚያኖር አለ። ለዚህ ጥርጣሬ አማርኛ የራሱ ቃል አለው፦ ባዕድ ነገር። ማር ሲገዛ ስኳሩን፣ ቅቤ ሲገዛ ሙዙን የሚጠረጥረው ይኸው ሰው ከገበያው ወጥቶ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ሱቅ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መብራት፣ የልጅ መጫወቻ ወይም ለበሩ ቢጫ ዘይት ቀለም ሲገዛ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ይቆያል ወይ? ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? መጨረሻው ስንት ነው? በቀለሙ ውስጥ ምን እንደተበጠበጠ፣ በሽቦው ልባስ ውስጥ ምን እንደተቦካ አይጠይቅም። በስንፍና አትፍረዱበት፤ ዓይኑም ምላሱም እዚያ አይደርሱም። የኬሚካል ደኅንነት ሕግ የሚባለው ይህን ገዢ ተክቶ እንዲጠይቅለት የወጣ ነው። አገሮች ሕጉን የጻፉት በየፈርጁ ነው፤ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ሲመረመር ደግሞ መልሱ ከክልከላው ክብደት ይልቅ ማስረጃ ጠያቂው የቆመበት ቦታ ላይ ይገኛል።

መጀመሪያ መለኪያውን እንያዝ። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የሚመላለሰው ቁጥር «በሚሊዮን ይህን ያህል እጅ» የሚል ስለሆነ አእምሮ ውስጥ አይቀመጥም። ወደ ኩንታል እንመልሰው። በሚሊዮን 90 እጅ ማለት በአንድ ኩንታል ውስጥ 9 ግራም ማለት ነው፤ በአንድ ኩንታል በቆሎ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንደ መበተን። የኢትዮጵያ ሕግ በቀለም ውስጥ የሚፈቅደው የእርሳስ ጣሪያ ይኸው ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 ተደንግጓል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ ያ ስሙን ብቻ ተውሶ የቀረ ነው፣ ውስጡ ግራፋይት እንጂ እርሳስ የለውም። የምንነጋገርበት ባለሙያዎች ሊድ የሚሉት ከባድ ብረት ነው። በዘይት ቀለም ውስጥ ሲገባ ቢጫውንና ቀዩን ያደምቃል፣ ቶሎ ያደርቃል፣ በብረት በርና መስኮት ላይ በሚቀባው አንቲረስት ውስጥ ደግሞ ዝገት ይከላከላል። ቀለሙ አርጅቶ ሲላጥ ወይም ብየዳ ቤት ሲፋቅ አቧራ ይሆናል፤ አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ ወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ በሽታው ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው፣ ከዓመታት በኋላ ትምህርት አልገባ ያለው ልጅ ሆኖ ብቅ ይላል።

አሁን ወደ አውሮፓ ሕብረት እንሂድ፤ በኤሌክትሮኒክስ ረገድ ሌላው ዓለም የሚከተለው ከዚያ የወጣውን ነውና። ሕብረቱ በ2003 ያወጣውና ከሐምሌ 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው፣ ሮኸስ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው መመሪያ፣ በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ስድስት ነገሮችን ገደበ፦ እርሳስ፣ ባዜቃ፣ ካድሚየም፣ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም እና ፕላስቲክ ቶሎ እሳት እንዳይይዘው የሚጨመሩ ሁለት የብሮሚን ውሁዶች። ከ2019 ጀምሮ ፕላስቲክን የሚያለሰልሱ አራት ታሌቶች ተጨምረው አሥር ሆኑ። ጣሪያው በኩንታል 100 ግራም ነው፤ ለካድሚየም ግን 10 ግራም። የሕጉ ብልሃት ያለው አመዛዘኑ ላይ ነው። ሙሉ ስልኩን ወይም ሙሉ ቻርጀሩን አይመዝንም፤ ብየዳው ለብቻው፣ የሽቦው ልባስ ለብቻው፣ ቀለሙ ለብቻው ይለካል። አለበለዚያ አምራቹ መርዙን በዕቃው ክብደት ውስጥ ይደብቀው ነበር፤ በማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ጤፍ መሐል አንድ ጭብጥ አሸዋ እንደሚደበቀው። ሁለተኛው የአውሮፓ ሕግ ሪች ይባላል፣ በ2007 ሥራ ጀመረ፣ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄልሲንኪ ነው። መነሻ ሐሳቡ መረጃ የሌለው ኬሚካል ገበያ አይገባም የሚል ነው፤ በዓመት ከአንድ ቶን ጀምሮ የሚያመርትም ሆነ የሚያስገባ ድርጅት የኬሚካሉን ጠባይ ራሱ አጥንቶ ያስመዘግባል። ተራው ገዢም መብት አለው፦ በዕቃው ውስጥ እጅግ አሳሳቢ ተብሎ የተመዘገበ ኬሚካል ከ100 አንድ አሥረኛ እጅ በላይ አለ ወይ ብሎ ከጠየቀ ሻጩ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታው ነው።

የአሜሪካው መንገድ ለረጅም ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ቆየ። በ1976 የወጣው የመርዛማ ኬሚካሎች ሕግ በወቅቱ ገበያ ላይ የነበሩትን ወደ 62 ሺህ የሚጠጉ ኬሚካሎች ሳይመረምር አሳለፋቸው፤ አንዱን ለማገድ ጎጂነቱን ማስረዳት የመንግሥት ሸክም ሆነ። ሸክሙ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቤስቶስ ያሳያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1989 ቢያግደውም በ1991 ፍርድ ቤት አብዛኛውን እገዳ ሻረው፤ ክሪሶታይል የተባለው ዓይነት የታገደው በ2024 ነው። ሕጉ ራሱ የተሻሻለው በ2016 ነበር። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1986 በሕዝብ ድምፅ ሌላ ዘዴ መረጠች፦ ወደ 900 ከሚጠጉት የተመዘገቡ ኬሚካሎች አንዱ ያለበት ዕቃ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት። ውጤቱ እያደር ማስጠንቀቂያው ሁሉም ነገር ላይ ተለጥፎ ማንም የማያነበው ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ ከጅብ የማያስጥል የአህያ ባል። አሜሪካ በእርግጥ የነቃችው በልጆች መጫወቻ ነው። በ2007 ማቴል የተባለው ኩባንያ ቻይና ውስጥ የተሠሩና ቀለማቸው እርሳስ ያለበት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መጫወቻዎችን ከገበያ ሰበሰበ። በዓመቱ የወጣው ሕግ በልጆች ዕቃ ቀለም ላይ ያንኑ 9 ግራም በኩንታል ጣሪያ አደረገ፤ ከዚህም በላይ ዕቃው ከመሸጡ በፊት በገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲፈተሽ አዘዘ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በታኅሣሥ 2001 ኔዘርላንድ ውስጥ የሆነው ነው። ሮኸስ ገና አልወጣም፤ አገሪቱ ግን የራሷ የካድሚየም ገደብ ነበራት። ባለሥልጣናቷ የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ገመድ ፈትሸው ካድሚየሙ ከገደቡ በላይ ሆኖ ስላገኙት፣ ለገና ገበያ የደረሰውን 1.3 ሚሊዮን መሣሪያ አገዱት። አንዲት ትንሽ አገር ናት፣ የፈተሸችውም አንድ ተራ ገመድ ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በእስያ ያሉ አቅራቢ ፋብሪካዎቹን ጥሬ ዕቃቸው ከምን እንደተሠራ በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ማስገደድ ጀመረ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ። ቻይና በበኩሏ በመጋቢት 2007 የራሷን ተመሳሳይ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች። የዚያ ሕግ አሻራ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፦ ብዙ ቻርጀሮች ጀርባ ላይ በክብ ቀስት መሐል 10 ወይም 20 የሚል ቁጥር ተጽፏል። የዋስትና ዘመን የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ አይደለም። ዕቃው በደንቡ ከተያዘ በውስጡ ያለው ጎጂ ነገር ለዚያን ያህል ዓመት ወደ ውጭ አይወጣም የሚል የአምራቹ ቃል ነው፤ በሌላ አነጋገር ጎጂ ነገር በውስጡ እንዳለ እየነገረን ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። አንዱ የእስያ ፋብሪካ ማስረጃ ለሚጠይቀው ገበያ አንድ ዓይነት፣ ለማይጠይቀው ገበያ ሌላ ዓይነት ዕቃ ሊሠራ ይችላል፤ የሚለየው የገዢው ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ሕግ የላትም እንዳይባል አላት። የቀለሙን ደንብ ጠቅሻለሁ፤ በዚያው በ2018 ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425፣ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥተዋል። ደረጃ የሚያወጣ ኢንስቲትዩት፣ የሚፈትሽ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ የሚቆጣጠር ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር አሉ። የጎደለን ቃሉ ሳይሆን እጁ ነው ለማለት የሚያስደፍረኝ፣ እጁ በተገኘበት ጊዜ ነገሩ ሲሠራ መታየቱ ነው። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አስታውሱ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው በ2005 መጨረሻ ለማስወገድ ተስማሙ፤ ቃላቸውም ደረሰ። በኢትዮጵያ ይህን ያህል ፈጥኖ የተሳካው የእኛ ሹፌር ከሌላው በልጦ ስለተማረ አይደለም። ነዳጅ በጅምላ የሚገዛው አንድ የመንግሥት ድርጅት ስለሆነ፣ በግዢ ውሉ ላይ የሚለወጥ አንድ መስመር ከጅቡቲ እስከ ደንበጫ ማደያ ያለውን ሁሉ ይለውጣል። በሩ ጠባብ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ጠያቂ በቃ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለምዕራብ ጎጃም ገጠር ይበልጥ ቅርብ ነው። በጃቢ ጠህናን ወይም በወምበርማ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቤት ኩራዝን የተካው የሶላር መብራት ነው። ከ2010ሩ አሥርት መጀመሪያ አንስቶ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለሶላር አስመጪዎች የውጭ ምንዛሪ ብድር ሲያቀርብ አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረ፦ በብድሩ የሚመጣው መብራት ላይቲንግ አፍሪካ በተባለው ፕሮግራም የጥራት ደረጃ የተፈተሸ ይሁን። ያ ደረጃ ስለ ብርሃኑ ጥንካሬና ስለ ዋስትናው ብቻ የሚያወራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባትሪው ካድሚየምም ሆነ ባዜቃ እንዳይኖርበት የሚል አንቀጽ አለ። ፓርላማ ያልተከራከረበት፣ ጋዜጣ ያልጻፈው የኬሚካል ገደብ በባንክ ብድር ጀርባ ታዝሎ እስከ ገበሬው ጎጆ ምሰሶ ደረሰ ማለት ነው። ሙሉ ድል ነው አልልም። ብድሩን ያልፈለገ ነጋዴ ቅድመ ሁኔታው አይነካውም፤ ስለዚህ ያልተፈተሸው ርካሽ መብራት ከተፈተሸው ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ብድሩን የወሰደው ተጠየቀ፣ ያልወሰደው አልተጠየቀም፤ የበሩ ልክ እስከዚያ ነበር።

ሦስተኛው ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄደው ነው። ከጎጃም ገበያዎች የሚሰበሰበው የበግና የፍየል ሌጦ ፋብሪካ ገብቶ በክሮሚየም ይለፋል። አያያዙ ካልተጠበቀ ያ ክሮሚየም ወደ አደገኛው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል፤ ቆዳ ላይ አለርጂ የሚያስነሳው እሱ ነው። አውሮፓ ከግንቦት 2015 ጀምሮ ቆዳን የሚነካ ማናቸውም የቆዳ ዕቃ ከዚህ ነገር በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ በኩንታል የአንድ ግራም ሲሶ እንኳ አይሞላም። ወደዚያ ገበያ መላክ የሚፈልግ የኢትዮጵያ ፋብሪካ ይህን አሟልቶ፣ በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ መቅረብ አለበት። አንችልም የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይዳከማል። ለሮማ እግር የምናሟላውን ለፍኖተ ሰላም እግር ለማሟላት እውቀቱ አይጎድለንም፤ የሚጠይቀን የለም እንጂ።

ስለዚህ ኢትዮጵያ የሪችን ያህል ግዙፍ ሕግ መጻፍ አለባት ብዬ አልከራከርም። ያንን ለማስፈጸም የሚያስፈልገው የባለሙያና የላቦራቶሪ ብዛት አውሮፓንም ያስጨንቃል። የሚያዋጣው ሌላው ያስፈተሸውን ወረቀት መጠየቅ ነው። ፋብሪካው ለሌላ ገበያ ሲል ካስፈተሸ ማስረጃው መሳቢያው ውስጥ አለ፤ አውጣው ማለት ብዙ ወጪ የለውም። መጠየቂያው በር ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው። በሕጋዊ መንገድ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ሳይረግጥ አያስመጣም፤ የግዢ ፈቃዱንና ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን ያስጨርሳል። ልማት ባንክ ለሶላር መብራት ያደረገውን ሌሎቹ ባንኮች ለጥቂት በጥንቃቄ ለተመረጡ ዕቃዎች ቢያደርጉት፣ ማለትም ለቀለምና ለቀለም ጥሬ ዕቃ፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለባትሪና ለቻርጀር ብቻ የፍተሻ ወረቀት ከሰነዶቹ ጋር ቢጠይቁ፣ ጉምሩክ ላይ ሺህ ካርቶን ከመክፈት ይቀላል። ሁሉንም ዕቃ ልጠይቅ ያለ ሥርዓት የካሊፎርኒያን ተለጣፊ ይወልዳል፤ ለዚህ ነው ጥቂት ያልኩት።

ዋጋ ይወደዳል የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ መቃወሚያው ከባድ ነው፣ በቀላሉ አላልፈውም። አንድ ኩንታል በቆሎ ሸጦ የቤቱን ጉድለት ለሚሞላ ገበሬ በሁለት መብራቶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሳሙና ወይም ደብተር ነው። የተፈተሸው መብራትም በእርግጥ ይወደዳል፤ ለፍተሻውም ለተሻለው ባትሪም የሚከፈል አለ። ነገር ግን ያልተፈተሸው ቶሎ ሲሞት ሁለተኛ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ርካሹ ርካሽ አይደለም። ቀለሙ ላይ ደግሞ መቃወሚያው ይበልጥ ይሳሳል። ነጭ የእርሳስ ቀለም ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል የሚገድብ ስምምነት በዓለም የሥራ ድርጅት የጸደቀው በ1921 ነው፤ አሜሪካ የቤት ቀለም ላይ እገዳ ያደረገችው በ1978 ነው። አምራቾች ምትክ ሲሠሩ የቆዩት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ስለሆነ አዲስ ፈጠራ አይጠበቅም፤ ጥሬ ዕቃውን መለወጥ ብቻ። ከዚያ በተረፈ ርካሹ ቀለም ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ከገዢው ኪስ ወጥቶ የገዢው ልጅ ላይ ይጻፋል።

ወረቀት ፎርጅድ ይሆናል፣ ኮንትሮባንድስ ምን ሊደረግ ነው የሚሉም አሉ፤ ልክ ናቸው። ሲኢ የሚለውን የላቲን ምልክት እንውሰድ። ብዙ ሰው ሁለት ዓይነት ሲኢ አለ፣ አንደኛው አውሮፓ አንደኛው ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው ሲል ይሰማል፤ ሁለተኛው ሕጋዊ ምልክት ሆኖ የተመዘገበበት ቦታ የለም። እውነቱ ከዚህ ይብሳል፦ ሲኢን በአብዛኞቹ ተራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፣ የሮኸስን ገደብ አሟልቻለሁ ማለቱንም ይጨምራል፣ ሐሰት ከሆነ ግን አውሮፓ ውስጥ ይከሰሳል። ክሱ ከሌለበት አገር ምልክቱ ጌጥ ነው። ስለዚህ ምልክት ሳይሆን ቁጥር ያለው፣ ላቦራቶሪው በድረ ገጹ ሊያረጋግጠው የሚችል የፍተሻ ዘገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮንትሮባንዱን በተመለከተ፣ በሕጋዊው በር የሚገባውን ማጽዳት በጓሮ የሚገባውን አያቆምም፤ ግን ቀለም ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው፣ በግመልና በጨለማ የሚጓጓዘው ስልክና ሲጋራ ነው። ሁሉን ማስቆም አይቻልምና አንዱንም አናስቁም የሚለው ክርክር ለቤንዚኑም ይሠራ ነበር።

ደግሞስ ምዕራብ ጎጃም የሚበልጥ ችግር የለበትም ወይ? አለበት። በቆሎና ስንዴ የሚዘራበት አካባቢ ከቻርጀር ይልቅ ፀረ አረሙና ፀረ ተባዩ ለሰው ቅርብ ነው፤ ባዶ ጠርሙሱ ታጥቦ የዘይት ዕቃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለፀረ ተባይ ግን በ2010 የወጣ አዋጅ ቁጥር 674 አለ፣ ሳይመዘገብ አይሸጥም ይላል፤ ቀስ እያለም ቢሆን ጠያቂ ተመድቦለታል። ሰላም በታወከበት ጊዜ ስለ ቀለም ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከግጭት በኋላ የሚጠገነው በር፣ የሚታደሰው የትምህርት ቤት መስኮትና ወንበር ሁሉ ይቀባል፤ እርሳሱ ከገባ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፣ ከገባ ደግሞ ለዓመታት አይወጣም። ይህ ከመግባቱ በፊት ብቻ በርካሽ የሚከላከሉት ነገር ነው።

ቀሪው የፍተሻ መሣሪያው ነው። ቀለምን ሳይቆርጥና ሳያሟሟ በኤክስሬይ ጨረር በደቂቃ ውስጥ እርሳስ እንዳለበት የሚናገር፣ የግድግዳ መሰርሰሪያ የሚያህል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለአንድ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የማይቻል ነው። ባሕር ዳር አንድ ቢቀመጥና በወር አንዴ ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን ቢዞር ግን ሱቅ ውስጥ ያለውን ቀለም ለመፈተሽ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ጥርጣሬ ያሳየው ብቻ ናሙናው ለላቦራቶሪ ይላካል። ነጩን የውሃ ቀለም ሊዘልለው ይችላል፤ እርሳስ እዚያ ውስጥ ብዙም አይገኝም። የሚጀምረው ከዘይት ቀለሙ መደርደሪያ፣ ከቢጫው ቆርቆሮ ነው፤ ቀጥሎ ቀዩ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ብየዳ ቤቱ በራፍ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የተቀመጠው አንቲረስት።